ዳር ላይ ፎጣ የያዘችው

ከስስ ጣውላ ግድግዳ ማዶ የሰማውን ያን ንግግር ጎሚስታው እስከ ዛሬ አሟልቶ አያስታውሰውም። ያኔ ገና ጎሚስታ አልነበረም፤ ጢሙ ያልጠነከረ፣ ጌታን ካመነ ብዙም ያልቆየ ጎረምሳ ነበር። ከመጠመቁ በፊት እንዴት እንዳመነ በአባላት ፊት እንዲናገር ተጠርቶ መድረክ ላይ ወጣና አፉ ተለጉሞ ቀረ። ላብ በጀርባው ወረደ እንጂ ቃል አልወጣውም። ሲጨንቀው ወንበር የሚከመርባት ጓዳ ገብቶ ተሸሸገ። ሽማግሌዎቹ ከግድግዳው ማዶ መሆናቸውን ያወቀው ስለ እሱ ሲነጋገሩ ሲሰማ ነው።

«ሰው ፊት አንዲት ቃል መተንፈስ ያቃተውን ልጅ ምን ብለን እናጠምቀዋለን?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ለእኔ ነግሮኛል፤ እያለቀሰ ነው የነገረኝ» አሉ ጋሼ። ጋሼ የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ ናቸው፤ ያኔ ገና ጠጉራቸው ጥቁር ነበር።

«ላንተ መንገሩ ምን ያደርጋል? ነገ እሱ ራሱ ቢረሳውስ?»

ለዚህ ጋሼ መልስ ሰጡ። ረዘም ያለ መልስ ነበር። ግን ወንበር ተጎተተ፣ ሰው አሳለ፣ በር ተከፈተ። የጎረምሳው ጆሮ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ብጣሽ ብቻ ነው፦ «... እኛ እንይዝለታለን።»

ምኑን ነው የሚይዙለት? በሳምንቱ ተጠመቀ፣ ጥያቄው ግን አብሮት ውሃ ገብቶ አብሮት ወጣ። አንድ ቀን ደፍሮ ጋሼን ቢጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁና «ጆሮህን ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ ከምትውል ጎማ መለጠፍ ብትማር አይሻልህም?» አሉት። ከዚያም እጁን ይዘው አንድ ጎሚስታ ወዳጃቸው ዘንድ ወስደው ሥራ አስቀጠሩት። ሥራውን ከዚያ ጀመረ፤ መልሱ ግን ሳይነገረው ቀረ። ሌላ ቀን እጠይቃቸዋለሁ እያለ ዕድሜው ሄደ።

ጋሼ ያስተማሩት ቁጭ ብለው ብቻ አልነበረም። በሽተኛ ሲጠይቁ ከኋላቸው ይሄዳል፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወንበር ሲደረድሩ አብሮ ይደረድራል። ሲመለሱ መንገድ ላይ «ዛሬ ምን አየህ?» ይሉታል። እሱም ለሳቸው ብቻ ይናገራል። ዓመታት አልፈው ዲያቆን ሆነ። የሱ አገልግሎት የእጅ ነው። የጥምቀት እሑድ ሲደርስ የመድረኩን ጣውላ የሚያነሳው፣ ከሥሩ ያለውን ገንዳ አጥቦ የሚሞላው፣ ከጋሼ ጋር ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማቂዎቹን ጀርባ የሚደግፈው እሱ ነው። ንግግር ላይ ግን ያው ነው። ወጣቶቹ «የዲያቆን ጸሎት ከአሜን ይጀምራል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ነገሩ የተገለጠው እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው።

የዚያን እሑድ ተጠማቂዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። እናቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ገና ከመጀመሩ ታለቅሳለች። ጋሼ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፃቸው «እህቴ፣ ኢየሱስ ክርስቶስን ጌታሽና አዳኝሽ አድርገሽ ተቀብለሻል?» አሏት።

«ተቀብያለሁ።»

አጠመቋት። ልጅቷ ብድግ ስትል ዘማሪዎቹ ጀመሩ፤ ጭብጨባውም ቀለጠ። ፊቷን እየጠረገች ወደ ደረጃው ልትዞር ስትል ጋሼ እጇን ያዙ።

«እህቴ፣ ኢየሱስ ክርስቶስን ጌታሽና አዳኝሽ አድርገሽ ተቀብለሻል?»

ልጅቷ ዲያቆኑን አየችው። ዲያቆኑ «ጋሼ» አለ በሹክሹክታ። አልሰሙትም። በፍቅር እየተመለከቷት መልሷን ይጠብቃሉ። ምን ታድርግ፣ «ተቀብያለሁ» አለች። ደግመው አጠመቋት።

መዝሙሩ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆረጠ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ እጇን ሲይዙ ዲያቆኑ በመሃል ገባና ልጅቷን በቀስታ ወደ ደረጃው ገፋ አደረጋት። ጋሼ ወደ እሱ ዞሩ። እሱን እዚሁ ውሃ ውስጥ ያጠመቁት፣ ሠርጉ ላይ የባረኩት፣ ልጆቹን በጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሰው፣ እንግዳ ሰው በሚታይበት ትሕትና አዩትና «ወንድሜ፣ ቀጣዩ አንተ ነህ?» አሉት።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ዲያቆኑ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ደረጃው መራቸው።

በማግስቱ አንድ ታክሲ ነጂ ደንበኛው ጎማ ሊያስነፋ ሱቁ መጣ። እሱም የዚያው ቤተ ክርስቲያን አባል ነው፤ ምላሱ አያርፍም። «የልጅቷ ጥምቀት እኮ ስኮርታ ጎማ አለው! መንገድ ላይ ቢተነፍስባት መለወጫ ይዛለች» አለ። ጎሚስታው ቀና ሳይል ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ። ታክሲ ነጂው ዝምታው ገባውና «ምን ላድርግ ብለህ ነው? ካልቀለድኩ አለቅሳለሁ እኮ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። ጋሼ አረፍ እንዲሉ፣ ረዳታቸው የነበረው ወጣት መጋቢ ስብከቱንም ጥምቀቱንም እንዲይዝ ተወሰነ። ጋሼ አልተከራከሩም። «ደግ ነው» አሉና ለወጣቱ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ከቤታቸው ሲደርሱ ግን ማን እንደሆነ እትዬን ጠየቋቸው፤ «ያ ልጅ ማነው? መልካም ልጅ ይመስላል።» እትዬ ሚስታቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ቁልቁል ነጎዱ። ስም ሄደ፣ ቀን ሄደ፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ሄደ። ዕድሜያቸውም ወደ ኋላ የተመለሰ መሰለ። ያገለገሉባቸው ዓመታት ከላይ ከላይ እየተላጡ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ጌታን ገና ያመነው ወጣት ብቻ ሆነ።

አንድ ጠዋት ጎሚስታው ሱቁን ከፍቶ የተነፈሰ የውስጥ ጎማ በርሜል ውስጥ ነክሮ፣ አረፋው ከየት በኩል እንደሚወጣ እያየ ነበር። ታክሲ ነጂው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጋሼ ከሌሊት ልብሳቸው ላይ ኮት ደርበው፣ የተጠቀለለ ፎጣ በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«እንደምን አደራችሁ ወንድሞቼ። ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ።»

«ጋሼ! በዚህ ብርድ?»

«ጌታን አምኛለሁ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «አምኛለሁ፤ ግን አልተጠመቅኩም። ሰው ሁሉ ሲጠመቅ እኔን አለፉኝ። ውሃው እንደማያድን አውቃለሁ። ግን ጌታ ያዘዘኝ ነገር ነው፤ እሱን ሳላደርግ ብሞት በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ ጠረገና ጠጋ አላቸው። መናገር እንደማይሆንለት ያውቃል፤ ቢሆንም ያሰበው ደግ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት እኔን ያጠመቁኝ። እሱንም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለነውን ሁላችንንም ያጠመቁን እርስዎ ነዎት።»

የጋሼ ፊት ነጣ። «እኔ? ሳልጠመቅ?» አሉ። «ሳልጠመቅ ሰው አጥምቄያለሁ?»

ፎጣው ከብብታቸው ወደቀ። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ አለቀሱ። ታክሲ ነጂው ከአግዳሚው ተነስቶ ፎጣውን አነሳ፤ አራገፈው፤ መልሶ አጠፈው። አንድም ቀልድ አልመጣለትም።

እቤት ሲያደርሷቸው እትዬ ደጃፍ ላይ ቆመው መንገዱን ወዲያና ወዲህ እየቃኙ ነበር። አንገታቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመዋል። ባላቸውን አስገብተው አልጋ ላይ አስቀመጡና ዲያቆኑን ወደ ጓዳ ጠሩት።

«በየጠዋቱ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ደረቀ ቅጠል እየተሰባበረ። «ነቅቶ ሰላም ሲለኝ ደኅና ነው። ከዚያ ትዝ ይለዋል። ‹አልተጠመቅኩም› ብሎ ይጀምራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እነግረዋለሁ፣ ዝም ይላል። ዛሬ ግን ድምፄ እምቢ አለኝ። ስታገል አመለጠኝ።»

ዲያቆኑ ምን እንደሚነግሯቸው ሳይጠይቅ ወጣ። የድምፃቸው መሰባበር ጉንፋን መስሎት ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ተሰበሰቡ። ነገሩን ያነሳው፣ ያየውን እንዲናገር የተጠራው ታክሲ ነጂው ነው። «እናጥምቃቸዋ! ውሃ ነው፤ ምን ይጎዳቸዋል? ሰውየው እያለቀሱ እኮ ነው።»

ወጣቱ መጋቢ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔም ልቤ እንደዚያ ይላል። ግን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የተቀበረ ሰው በየጊዜው አይቀበርም፣ ጥምቀት አንድ ጊዜ ነው ብለውናል። ባይጠመቁ ኖሮ እሺ። የተጠመቁትን ሰው እንዳልተጠመቁ አድርጌ ባጠምቃቸው፣ የመጀመሪያውን ውሸት ነበር ማለቴ አይሆንም?»

«ለሳቸው እኮ አልነበረም» አለ ታክሲ ነጂው።

«ለሳቸው ባይኖርም ነበረ።»

ከዲያቆናቱ መካከል አንዲት ልብስ ሰፊ እህት አለች። የተጠማቂዎቹን ነጭ ልብስ የምትሰፋውም የምታጥበውም እሷ ናት። «እንበልና ዛሬ አጠመቅናቸው» አለች። «ነገ ጠዋትስ ሲረሱት? ልብሱ ሳይደርቅ እንደገና ልናለብሳቸው ነው?»

 ሁሉም የዲያቆኑን ፊት አዩ፤ ከሁሉም ይልቅ የጋሼ ልጅ የሚባለው እሱ ነዋ። እሱ ግን እንዳመሉ መሬት መሬት አየ። ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ። ውሳኔ አልነበረም።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት እትዬ ዘንድ ሄደ። ጓዳ ውስጥ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሻይ ቀዱለት።

«እትዬ፣ ምን ብለው ነው የሚነግሯቸው?»

«የሆነውን ነዋ። የተጠመቀ ዕለት እኮ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ሰው እኔና እሱ ብቻ ቀርተናል፤ እሱ ደግሞ ይኸው።»

ነገሩት። ድምፃቸው ሲጠፋ በእጃቸው እያሳዩ፣ ሲመለስ እየቀጠሉ ነገሩት። ያኔ ገንዳ የለም፤ ወንዝ ነው። አጥማቂው አንድ አጭር ግንበኛ ወንጌላዊ ነው፤ ተጠማቂው ደግሞ ዛፍ የሚያህል ቀጫጫ ጎረምሳ። ሰው ሁሉ አጭሩ ረጅሙን እንዴት ያወጣዋል እያለ ይተክዛል። ወንጌላዊው «በጌታ በኢየሱስ ታምናለህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ዳር ላይ አውልቆት የነበረውን ጫማ ውሃ ነጥቆት በአጠገቡ ሲያልፍ አየና «ጫማዬ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። ግንበኛው ግን ኮስተር ብሎ «ጫማህ ይሂድ፤ አንተን ነው የጠየቅኩህ» አለው። ጎረምሳው ጫማው እየራቀ ሲሄድ አየው፤ ከዚያ ዓይኑን መለሰና «አምናለሁ» አለ። ተጠመቀ። ሲወጣ ግንበኛውም አዳልጦት ውሃው ውስጥ ወደቀ።

«እኔ ዳር ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ» አሉ እትዬ። «የተጠማቂዎቹን ፎጣ የምይዘው እኔ ነበርኩ። እየሳቅኩ ሰጠሁት። በአንድ ጫማ እያነከሰ ሲሄድ አይቼ ይሄ ልጅ የማነው ብዬ ጠየቅኩ። መጠየቄ ነው ለዚህ ያበቃኝ።»

ፈገግ አሉና ሳል ያዛቸው። ሳሉ ቶሎ አልለቀቀም። ሲለቃቸው ሻሹን ከአንገታቸው ላይ ፈታ አደረጉት፤ ዲያቆኑ ያበጠውን አየ፤ ጉንፋን እንዳልሆነ ገባው።

«ሐኪሞቹ ነግረውኛል። መጀመሪያ ድምፄ ነው የሚሄደው» አሉ ረጋ ብለው። «ከዚያ እኔ። አታልቅስ፤ እሱ ይሰማል። ይልቅ ተማረው።»

«ምኑን?»

«ታሪኩን። ተምረህ ንገረው።»

«እኔ?» ጎሚስታው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እኔን ያውቁኝ የለም? የራሴን እንኳ ቆሜ መናገር አቅቶኝ... ወጣቱ መጋቢ አለ፤ ታክሲ ነጂው አለ፤ አፉ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ...»

«አፍ መች ፈለግኩ። የሚመጣ ሰው ነው የፈለግኩት።»

«ደግሞስ አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

«አላየሁም በል። ሚስትህ ነገረችኝ በል። እኛ ሁላችን ሌላ ምን አደረግን? የነገሩንን አይደል ያመንነው?»

ከመኝታ ቤቱ የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ተሰማ። ጋሼ ነቅተዋል። ያ ድምፅ መጣ፦ «ጌታዬ... ሁሉም ሲጠመቅ...»

እትዬ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱት።

ዲያቆኑ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የማይለቅ የጎማ ጥቁረት አለ፤ በሁለት ጉልበቶቹ መካከል ደበቀው። ላቡ ያኔ እንደወረደው በጀርባው ወረደ። «ጋሼ... እርስዎ ተጠምቀዋል» አለ። «እኔ አላየሁም። እትዬ ናቸው የነገሩኝ። ወንዝ ነው። አጥማቂው አጭር ነው፣ ግንበኛ። ታምናለህ አለዎት፤ አምናለሁ አሉ። ሲወጣ አዳልጦት እሱም ወደቀ። ይኸው ነው።»

ጋሼ በትሕትና አዳመጡት። «ጥሩ ነገር ነው» አሉ ሲጨርስ። «ያ ሰው ዕድለኛ ነው። ግን እኔ አይደለሁም።» እንባቸው መጣ።

በሩ ላይ የቆሙት እትዬ ሊናገሩ ሞከሩ፤ አየር ብቻ ወጣ። ጎንበስ ብለው አንድ እግር ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና አንስተው አሳዩት።

«ጫማዎ!» አለ ዲያቆኑ፣ ሳያስበው እየጮኸ። «ረስቼው! ታምናለህ ሲልዎት ጫማዎን ውሃ ወሰደው። ‹ጫማዬ!› ብለው ጮኹ። ‹ጫማህ ይሂድ› አለዎት ግንበኛው። ሰው ሁሉ ሳቀብዎት ጋሼ!»

ጋሼ ቀስ ብለው እግራቸውን ተመለከቱ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዲያቆኑ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። እየሳቁ ነበር።

«ግራው» አሉ። «የግራውን ነው የወሰደው።»

እትዬ ይህን አልነገሩትም ነበር።

«አንዲት ልጅ ፎጣ ይዛ ነበር» አሉ ጋሼ ደግሞ። «ስቃብኛለች።» ፊታቸው ላይ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያልታየ ዕረፍት ወረደ። ዲያቆኑ በልቡ አሁን ልጠይቃቸው አለ፤ ዛሬ ካልጠየቅኩ መቼም አልጠይቅ።

«ጋሼ፣ ያኔ እኔ መድረክ ላይ አፌ የተያዘ ዕለት፣ ከግድግዳው ማዶ ለሽማግሌዎቹ ምን ነበር ያሏቸው? ‹እኛ እንይዝለታለን› ያሉት ምኑን ነው?»

ጋሼ በደግነት አዩት። «የቱ ግድግዳ ወንድሜ?» አሉ።

ዲያቆኑ «ምንም አይደል» አለና ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ አስተካከለ።

ጓዳ ሲመለስ እትዬ ተቀምጠው ነበር። ትንሽ ድምፅ ተመልሶላቸዋል። «አየህ? አፍህ ተፈታ» አሉት።

«ጫማዎን ባያነሱ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

«ነገ አትረሳውም። ግራ መሆኑንም ጨምርበት፤ እሱን እኔም አላውቅም ነበር።»  ከዚያ ጎንበስ ብለው ነጠላ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ። «አንድ ነገር አለ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሚስቴስ ይልሃል። ታሪኩን ስትጨርስ ሁልጊዜ ስለዚያች ባለ ፎጣ ይጠይቃል። የት ናት ይላል።»

 «ምን ልበላቸው? በየጠዋቱ ሞቱ እያልኩ ላርዳቸው?»

«እንደሱ አትበለው። በነቃ ቁጥር አዲስ ሐዘን እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

«ልዋሻቸው እንዴ እትዬ? እሳቸውን?»

«‹ወንዙን ተሻግራ ዳር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች፤ አንተን ነው የምትጠብቀው› በለው።» ቀና አሉና ፊት ለፊት አዩት። «ይሄ ውሸት ነው?»

ጎሚስታው አሰበበት። ይቸኩላል እንዳይባል ሳይሆን፣ ዕድሜ ልኩን ለነገር ቸኩሎ ስለማያውቅ፣ ልክ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እንደሚጠብቅ ሆኖ አሰበበት። ከመኝታ ቤቱ የጋሼ የእንቅልፍ ትንፋሽ ይሰማል።

«አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ውሸት አይደለም።»

«እንግዲያስ?»

«ሱቁን ከመክፈቴ በፊት እመጣለሁ።»

«በየጠዋቱ?»

«በየጠዋቱ። እሑድም።» መሃረብ አጥቶ በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ፤ ጥቁረቱ ጉንጩ ላይ ቀረ። «ከወንዙ ጀምሬ ጫማውን እነግራቸዋለሁ። የት ናት ሲሉኝ ደግሞ፣ እንዳሉኝ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሲረሱት እኔ እይዝላቸዋለሁ።»